ከብረት ኩንታል የወጣች ካራ

መካነ ሰላም፣ ገበያው ዳር ካለች የአሮጌ ብረታ ብረት መሸጫ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ የሱቁ ባለቤት ወጣት ነጋዴ ነው። ሌላው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። በመሐላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቅ ለብሳ የተጋደመች አንዲት ካራ አለች።

ነጋዴው፦ ጋሼ፣ እንኳን መጡልኝ። በስልክ ላወራው ያልፈለግሁት ነገር ነው። እስቲ ይቺን ይዩልኝ።

መምህሩ፦ ካራ ናት። ምን አገኘህባት?

ነጋዴው፦ እኔም መጀመሪያ ካራ ናት ብዬ አልፌያት ነበር። ከወግዲ በኩል፣ ከገጠር ገበያ፣ አሮጌ ብረት ሰብስቤ ነው የመጣሁት። የተሰበረ ድጅኖ፣ የማረሻ ጉማጅ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የምገዛው። የሚሸጥልኝ ሰው በኩንታሉ ውስጥ ምን እንዳለ አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቀውም፤ የምንነጋገረው በኪሎ ነው። ማታ ከአንዲት ሴት የገዛሁትን ኩንታል ስለየው ይቺ እጄ ላይ ሌላ ሆነችብኝ።

መምህሩ፦ ከበደችህ?

ነጋዴው፦ ቀለለችኝ። የኛ ቀጥቃጮች ካራ የሚያወጡት ከመኪና ባሌስትራ ነው፤ ጀርባው ይወፍራል፣ እጅ ላይ ይከብዳል። የዚችን ጎን ደግሞ በአውራ ጣትዎ ይሂዱበት። ከእጀታው ጀምሮ የሚወርድ ቦይ አላት፣ በግራም በቀኝም። ለማረጃ ካራ ቦይ የሚያወጣ ቀጥቃጭ አላውቅም፤ ምን ሊያደርግለት? ቦዩ ደግሞ ወደ ጫፉ ሲደርስ እየሳሳ የሚያልቅ አይደለም፤ ድንገት ነው የሚቆመው።

መምህሩ፦ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። … እውነትህን ነው። ቦይ የሚወጣው ረጅም ስለት ሳይከብድ እንዳይጎብጥ ነው። ይቺ ረጅም ነበረች።

ነጋዴው፦ ጎራዴ ነበረች ይበሉኝ።

መምህሩ፦ ጎራዴ ነበረች። ወይ ወገቧ ላይ ተሰብራ ወይ ሆን ተብላ ተቆርጣ የእጀታው ወገን ቀርቷል፤ አዲስ ጫፍ ወጥቶላት ካራ ሆናለች። ግን ለዚህ ብቻ አይመስለኝም የጠራኸኝ።

ነጋዴው፦ ወደ እጀታው ዝቅ ይበሉና ብርሃኑን በአግድም ይስጧት። ፊት ለፊት ካዩዋት ምንም አይታይም።

መምህሩ፦ ቆይ … ጅራት ነው። የአንበሳ ጅራት፣ ወደ ላይ የተቆለመመ። ይሄ የኋላ እግሩ ነው። ከጎኑ ፊደል አለ፤ «ሞ»፣ «ዐ»፣ ከዚያ «አን» … ቀጥሎ ዝገት በልቶታል።

ነጋዴው፦ ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ። ወላሂ፣ ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ።

መምህሩ፦ መንቀጥቀጥስ ይገባሃል። እንዴት እንደተሠራ ታውቃለህ? በመሮ የተቀረጸ አይደለም። ስለቱን በሰም ወይም በቫርኒሽ ይሸፍኑታል፣ ሥዕሉና ጽሕፈቱ የሚወጣበትን ብቻ ክፍት ይተዉታል፣ ከዚያ አሲድ ይበላዋል። ስለዚህ ጥልቀት የለውም፤ የብረቱን ቆዳ ነው የነካው። ይሄ የአውሮፓ ፋብሪካ ሥራ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለኢትዮጵያ ገበያ እየተባለ አንበሳና የአማርኛ ጽሕፈት ያለበት የጎራዴ ስለት ይመጣ ነበር፤ ከጀርመን ከዞሊንገን፣ ከለንደን ከዊልኪንሰን። ስለቱ በነጋዴ እጅ ይገባል፣ እጀታውንና አፎቱን የኛ ሰው ይሠራለታል።

ነጋዴው፦ እንግዲያው የምኒልክ ናት።

መምህሩ፦ አልወጣኝም። አንበሳውና መፈክሩ ከምኒልክ በኋላም እስከ ጃንሆይ ዘልቋል። የንጉሡ ስም የሚጻፍበት ቦታ ካለ ምናልባት በተቆረጠው ወገን ነበር። ያ ወገን የት እንደሄደ እንጃ፤ ማጭድ ሆኖ ይሆናል።

ነጋዴው፦ ቀጥቃጩ ይቅር ይበለው፤ ምነው ባይቆርጣት!

መምህሩ፦ እኔ ልረግመው አልችልም። አንተ ስለት ታውቃለህ፣ እስቲ ጫፏን እየው። እንዴት ነው ያወጣው?

ነጋዴው፦ ሳየው ነበር። እሳት አላስነካትም። ቢያግላት ኖሮ የጠጣችው ውሃ ይጠፋና ትለዝብ ነበር። ቀዝቃዛውን ብረት ድንጋይ ላይ፣ ከዚያ በሞረድ፣ ብዙ ቀን ነው የሠራው። ይኸው ልጎብጣት … ስለቃት ቀጥ ብላ ትመለሳለች። ፋብሪካ የሰጣት ጉልበት እንዳለ ነው። ጀርባዋንም ከጫፉ ጋር አስተካክሎ አሳርፎታል፤ የቆዳ ሥር እንድትሄድ። የሚያርድ ሰው ነው የነገረው፣ ወይ ራሱ አራጅ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲህ ይሄን ማን ይጽፍለታል? ዞሊንገን የምትባለው ከተማ ስሟን በሕግ አስጠብቃለች። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በከተማዋና በአካባቢዋ ያልተሠራ ስለት ላይ ስሟን መጻፍ ክልክል ነው። ስም ያህል ነገር! የኛ ቀጥቃጭ ግን ይሄን ሁሉ ሠርቶ አንዲት ነጥብ እንኳን ምልክት አላኖረም። ለምን እንዳላኖረ አንተም ታውቀዋለህ።

ነጋዴው፦ ቡዳ ይሉታላ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ከቀጥቃጭ ቤት እሳት አትጫሩ እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

መምህሩ፦ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን የሚሰድብ ሥራን የሚሰድብ ነው፣ ይቀጣል ተባለ። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ቤት ለቤት ኖረ። ሰው በሥራው ከተሰደበ በሥራው ላይ ስሙን አያኖርም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከዚች ካራ ላይ የፈረንጁን ድርሻ በአሲዱ ሥራ አገኘነው፣ የንጉሡን ድርሻ በአንበሳው አገኘነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ የወለዳት ሰው የለም።

ነጋዴው፦ እኔ ደግሞ ከሱም በላይ እላለሁ። ባይቆርጣት ኖሮ ዛሬ እዚህ አልነበረችም። ሙሉ ጎራዴ ሆና ብትቀር ወይ ድሮ ተሽጣ ከአገር ትወጣ ነበር፣ ወይ ጣሪያ ሥር ተሰክታ በዝገት ታልቅ ነበር። ካራ ስለሆነች ለአረፋ፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር ትፈለጋለች፤ ስለምትፈለግ ትሳላለች፣ ትቀባለች። ሥራ ነው ያኖራት።

መምህሩ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ትክክል ነህ። እጀታዋንስ አየኸው?

ነጋዴው፦ ቀንድ ነው። መጀመሪያ የበሬ መስሎኝ ነበር። የበሬ ቀንድ ግን ውስጡ ክፍት ነው፤ ለእጀታ ሲሆን ወይ ከጫፉ ይወሰዳል ወይ ተሰንጥቆ ይለበዳል። ይሄ ድፍን ነው፣ ወጥ።

መምህሩ፦ ወደ ፀሐይ አንሳው። ጠርዙ ላይ ብርሃን ሲያልፍበት ምን ይመስላል?

ነጋዴው፦ የጠራ ማር።

መምህሩ፦ ታችኛውን ግንባሩን ደግሞ፣ የናሱ ክዳን የተነሳበትን፣ በዚህ ማጉያ እየው። ነጠብጣብ ነው፤ የተጨፈለቀ ፀጉር ይመስላል። የአውራሪስ ቀንድ ነው። አውራሪስ ቀንዱ ውስጥ አጥንት የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ጥፍርና ፀጉር ከሚሠራበት ነገር የተሠራ ነው። ቅርጹንም ተመልከት፤ ከላይና ከታች ሰፋ፣ መሐሉ ቀጠን ያለ ነው፤ ይሄ የጥንት የጎራዴ እጀታ ነው። መኳንንቱ ዋንጫም ያስወጡበት ነበር። እንስሳው ዛሬ ከአገራችን ጠፍቷል። ይሄን ሳትሰማ ለማንም እንዳትሸጥ፤ የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ታግዷል። በሻንጣ ይዞ የሚወጣ ሰው በመጀመሪያው ኬላ ባይያዝ በሁለተኛው ይያዛል፤ ካራዋም እዚያ ትቀራለች።

ነጋዴው፦ እንግዲህ የጠራሁዎትን ልንገርዎት። አዲስ አበባ ደንበኛ አለኝ። አሮጌ ነገር ይሰበስባል፤ የቡና ረከቦት፣ መስቀል፣ ጋሻ፣ የጥንት ብር። ፎቶ ልኬለት ነበር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደወለ። የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «አብረቅርቀህ ላክልኝ»። ሁለተኛው፣ «የአድዋ ናት?»

መምህሩ፦ ምን አልከው?

ነጋዴው፦ ላጣራ አልኩት። አዎ ካልኩት ዋጋው ሌላ ነው። እውነቴን ነው፣ ጋሼ፣ ውሸት ነውስ የሚል ማን አለ? ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን ያከተቱት ወረኢሉ ነው፤ ወረኢሉ ቅርባችን ነው። ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ዘምተዋል። ከዚህ አገር ጎራዴ ታጥቆ ያልዘመተ ቤት ነበር?

መምህሩ፦ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ ሁሉ እውነት ግን ይቺ ካራ አድዋ ነበረች የሚል አይወጣም። ሌላ ልጨምርልህ። ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ተዋግተዋል፤ የወሎ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ቀን ነው። ይቺ ጎራዴ እዚያ ቢሆንስ የነበረችው? የአድዋን ስም ስትለጥፍባት ሰገሌን ፋቅህባት ማለት ነው። ወይም ደግሞ አንዲት ቀን እንኳን ለጦርነት አልወጣች ይሆናል። ለጥምቀት፣ ለሠርግ፣ ለግብር ታጥቋት የኖረ ሰው ይኖራል። ያም ሰው የራሱ ኑሮ ነበረው።

ነጋዴው፦ ሰገሌን የሚገዛ የለማ።

መምህሩ፦ እሱ ነው ችግሩ። ገበያው የሚፈልገውን ታሪክ ስንሰጠው የኛን ታሪክ እናጠፋለን። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በዚህ በኛ አካባቢ ከተደረጉት የአሮጌ ዕቃ ሽያጮች ሁሉ ትልቁ የቱ ነው?

ነጋዴው፦ የገበያ ጥያቄ ነው ወይስ የታሪክ?

መምህሩ፦ የሁለቱም። ደላንታ ነው፤ ከመቅደላ ወዲያ፣ በሽሎን ተሻግሮ ያለው ሜዳ። ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከግምጃ ቤቱ የወጣውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ አወረደው። እዚያ ለሁለት ቀን ሐራጅ ተባለ። የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ዘውድ፣ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ልብሰ ተክህኖ፣ ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘርግቶ። ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣ ሰው በሙዚየሙ ገንዘብ ይገዛ ነበር። ባለ ገንዘብ መኮንኖችም ለራሳቸው ገዙ። ከጨረታው የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ነው፤ ለወታደሩ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ አራት ብር ግድም ደረሰው።

ነጋዴው፦ የንጉሥ ግምጃ ቤት በነፍስ ወከፍ አራት ብር!

መምህሩ፦ አራት ብር። አሁን የምነግርህን ደግሞ ልብ በል። እነዚያ ሰዎች የዘረፉትን ጻፉ። መጽሐፉ ላይ «ከመቅደላ» ብለው ፈረሙ፣ ጋሻው ላይ ቀኑን አስቀረጹ፣ ሙዚየሙ መዝገብ ያዘ። ለክብራቸው ብለው ነው ያደረጉት፣ ለልጅ ልጅ ለመኩራራት።

ነጋዴው፦ ታዲያ ሌባ መዝገብ ያዘ ብለን ልናመሰግነው ነው?

መምህሩ፦ ምስጋና የለውም። ጽሕፈቱ ግን በራሱ ላይ መሰከረበት። በ2016 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ውስጥ አንድ አጫራች ድርጅት አንድ ጋሻ ሊሸጥ አወጣ። ጋሻው ላይ «መቅደላ» የሚል ከነቀኑ ተቀርጾበታል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን ይሄ የተዘረፈ ነውና ይቁም አለ፤ ከጨረታው ወጣ። ልዑል ኤርሚያስ ሣህለ ሥላሴ የሚመሩት ድርጅት ገዝቶት በ2017 ዓ.ም. አገሩ ገባ። ከዚያ በፊትም በ2013 ዓ.ም. በደቡብ እንግሊዝ ብሪድፖርት በምትባል ከተማ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች እንደዚሁ ሊሸጡ ሲሉ ከጨረታ ወጥተው፣ ተገዝተው ተመልሰዋል። እነዚህን የመለሰልን ምንድን ነው? ከየት እንደወጡ መታወቁ ነው። ጽሕፈት ባይኖራቸው ኖሮ አንድ አሮጌ የአፍሪካ ጋሻ፣ አንድ አሮጌ ዋንጫ ነበሩ፤ ማንም ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅላቸው ነበር።

ነጋዴው፦ ገባኝ። የኔ ኩንታል ግን ወረቀት የለውም።

መምህሩ፦ የለውም! ይሄን ነው የምልህ። ጠላት ደላንታ ላይ የሸጠው ዕቃ ከ150 ዓመት በኋላ መንገዱ ይታወቃል። እኛ እዚህ ገበያ ላይ ባለፈው ሳምንት የሸጥነው አይታወቅም። አንተ ከሴትየዋ ገዛህ፣ ደንበኛህ ካንተ ይገዛል፣ ከሱ ሌላው ይገዛል፤ በሦስተኛው እጅ ላይ ወግዲ የሚባል ስም ጠፍቷል፣ በአራተኛው ወሎም ይጠፋል። አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ማቅለጫ የሚሄደው ደግሞ ምንም የለውም።

ነጋዴው፦ ጋሼ፣ አሁን እኔ ልናገር። እርስዎ መጽሐፍ ያውቃሉ፣ እኔ ሻጩን አውቃለሁ። የአባቱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ፊት አይተው ያውቃሉ? ሴትየዋ ይቺን ኩንታሉ ውስጥ ከማረሻ በታች ለምን እንደደበቀቻት ያውቃሉ? ሳትታይ እንድትሸጥ ነው። የአባት መሣሪያ መሸጥ ነውር ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ወይ የልጅ ሕክምና ካላስገደደው ማንም አያደርገውም። እኔ «ይቺ የማን ናት? አባትሽ ማን ይባላሉ?» ብዬ ብጀምር ሴትየዋ ኩንታሏን ተሸክማ ትመለሳለች። በኪሎ መሸጧ ክብሯን ይጠብቅላታል። ብረት ሸጠች ይባላል እንጂ የአባቷን ጎራዴ ሸጠች አይባልም።

መምህሩ፦ … ይሄ ከባድ ነገር ነው።

ነጋዴው፦ ሌላም አለ። ጻፍ፣ አስመዝግብ ይሉኛል። መዝገብ ሲባል እዚህ አገር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ይወሰድብኛል» ብሎ ነው። መሬት ተመዝግቦ ተወስዷል፣ ጠመንጃ ተመዝግቦ ተወስዷል። ካራዋን አስመዝግቡ ቢባል ሁሉም ሌሊቱን ይቀብራታል።

መምህሩ፦ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ለኔ አትነግረኝም፤ እኔም ኖሬበታለሁ። ሕጉ ግን እንደሚፈራው አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊኖር እንደሚችል ያውቃል። የያዘው ሰው ያስመዘግባል፣ ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አያወጣም። ተመዘገበ ማለት ተወረሰ ማለት አይደለም። እንዲያውም የተመዘገበ ዕቃ ቢሰረቅ ይፈለጋል፤ ያልተመዘገበውን ማን ይፈልግልሃል?

ነጋዴው፦ እኔና እርስዎ ይሄን አወቅነው። እሷ የት ሰምታው?

መምህሩ፦ እንግዲያው የሚነግራት ሰው አንተ ነህ። የባህልና ቱሪዝም ሰው ቢሄድባት ትደነግጣለች። ካንተ ጋር ግን ንግድ አላት፣ ታምንሃለች። አንድ ነገር ደግሞ ላስተካክል፤ ስለ ነውሩ ያልከው አሳምኖኛል። ስም መጠየቅ ግድ አይደለም። ስም ሳይወሰድ ብዙ ነገር ይጠየቃል። የየት ቀበሌ ናት? በቤቱ ስንት ዘመን ኖረች? ጎራዴ ሆና ያያት ሰው አለ? ማን ቆረጣት፣ የት መንደር ያለ ቀጥቃጭ? ለምን ይታረድባት ነበር? ስም ሰጥተዋት ይሆን? አፎቷስ ምን ሆነ? ይሄ ሁሉ ክብር የሚነካ ጥያቄ አይደለም።

ነጋዴው፦ ቀጥቃጩን ብጠይቅ እንኳን ደስ ይላታል። ስለ ጥሩ እጅ ማውራት ሰው ይወዳል።

መምህሩ፦ ቀጥቃጩን ካገኘህልኝማ ከአንበሳው ይበልጥብኛል። በመዝገብ ላይ የዞሊንገን ስም አለ፣ የምኒልክ ስም አለ። የወግዲ ወይም የሳይንት ቀጥቃጭ «ይቺን ጎራዴ ካራ ያደረጋት እሱ ነው» ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ነጋዴው፦ ማብረቅረቁስ? ደንበኛው ነጭ ትሁን ብሏል። አመድና ሎሚ ይዤ ልጀምር ነበር፤ ወይም በብርጭቆ ወረቀት።

መምህሩ፦ እንዳትነካት! የነገርኩህን ረሳህ? ጽሕፈቱ የብረቱን ቆዳ ነው የነካው። አንድ ቀን በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትጋት አንበሳውም ፊደሉም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀርህ የሚያበራ ካራ ነው። ሎሚም አሲድ ነው፣ ዝገቱን እየበላ ብረቱንም ይበላል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ውሰድ፣ አቧራውን አንሳ። የመኪና ያልሆነ ቀለል ያለ የማሽን ዘይት፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚቀባው ዓይነት፣ በጣት ጫፍ ያህል አርገህ ቀባት። ቆዳ አፎት ውስጥ አታስገባት፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም መድኃኒት ብረት ያዝጋል። ደረቅ ነጠላ ወይም ጥጥ ጨርቅ ይበቃታል። ቀንዱን ደግሞ ከእሳትም ከፀሐይም አርቀው፤ ይሰነጠቃል።

ነጋዴው፦ ደንበኛው እንዲህ ዝጋ ካያት አይገዛትም።

መምህሩ፦ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ይገዛታል። በየትም አገር የጦር መሣሪያ የሚሰበስብ፣ ዕውቀት ያለው ሰው፣ የተፈተገ ስለት አይቶ ያዝናል፤ ዋጋውንም ይቀንሳል። ዝገቱ ዕድሜዋ ነው። አብረቅርቅ የሚልህ ሰው ለሳሎን ግድግዳ ነው የሚፈልጋት። ለሱ ከምናለሽ ተራ አዲስ አሠርቶ ማስቀመጥ ይሻለዋል።

ነጋዴው፦ እንግዲህ ልሽጣት ወይስ አልሽጣት? ቁርጡን ይንገሩኝ። ልጆች አሉኝ፣ ጋሼ፤ ሙዚየም አይደለሁም።

መምህሩ፦ አትሽጥ አልልህም። ያንተ ገንዘብ ወጥቶባታል፣ ዓይንህም ነው ያዳናት፤ ሌላ ነጋዴ ቢሆን ይሄኔ መኪና ላይ ናት። አስመዝግበህ፣ ፎቶ አንስተህ፣ ከምታውቀው ጋር አያይዘህ፣ ሕጉ ከፈቀደልህ ለአገር ውስጥ ሰው መሸጥ ትችላለህ። እኔ የምመኘው ሌላ ነው። ደሴ ሙዚየም አለ፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው። እዚህም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ ተማሪ አለ፣ መምህር አለ። ወደነሱ ብትሄድ የወግዲ ልጅ መጥቶ ያያታል። ገንዘብ ላይኖራቸው ይችላል፤ እሱን አልዋሽህም። ግን ሳትጠይቃቸው ለአዲስ አበባው አትስጣት።

ነጋዴው፦ እሺ፣ እጠይቃለሁ። ለአዲስ አበባውም የአድዋ አይደለችም እለዋለሁ።

መምህሩ፦ «አላውቅም» በለው። የምናውቀው ያየነውን ብቻ ነው።

ነጋዴው፦ የፋብሪካ ስለት፣ አንበሳ ያለባት፣ ከምኒልክ እስከ ጃንሆይ ባለው ዘመን የገባች፣ የአውራሪስ እጀታ፣ እዚሁ አገር ካራ የሆነች፣ ከወግዲ ገበያ የተገዛች። ይሄን ያህል ልጽፍ እችላለሁ።

መምህሩ፦ ጨምር፤ «እሳት ሳትነካ በድንጋይና በሞረድ ጫፍ የወጣላት»። ይሄን ያየኸው አንተ ነህ፣ እኔ አላየሁትም ነበር። የገዛህበትንም ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፍ። ሚዛንም ሜትርም አለህ፤ ቁመቷን፣ ስፋቷን፣ ክብደቷን ለካ። ፎቶውን ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ አንሳው፣ አለበለዚያ አንበሳው አይወጣም።

ነጋዴው፦ ሴትየዋ ጋ በሚቀጥለው ገበያ እወርዳለሁ። ግን አንድ ነገር እፈራለሁ። ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ካወቀች ትመለስልኝ ትል ይሆናል።

መምህሩ፦ ብትልስ?

ነጋዴው፦ ብትል … የከፈልኳትን ብትመልስ እመልስላታለሁ። በኪሎ የገዛሁት ብረት ነው፤ እሷ የሸጠችልኝም ብረት ነው። ሁለታችንም ዋጋውን የማናውቀውን ነገር በብረት ዋጋ ይዤ ብቀር ሐራም ይሆንብኛል።

መምህሩ፦ ገንዘብ ባይኖራትስ?

ነጋዴው፦ ከሸጥኩ በኋላ ከትርፉ እሰጣታለሁ። ካልሸጥኩም ለሙዚየሙ ስትሄድ ከኔ ስም በፊት የቤታቸው ስም ይጻፍላት፤ ከፈለገች። ካልፈለገች ቀበሌው ብቻ ይጻፍ። እሷው ትወስን።

መምህሩ፦ እንደዚህ ከሆነ አብሬህ ልውረድ። ቆላው ጉልበቴን ይፈትነዋል እንጂ ቀጥቃጩ በሕይወት ካለ እጁን ጨብጬ መመለስ እፈልጋለሁ። ያልለየኸው ኩንታል አለህ?

ነጋዴው፦ ጓሮ ሁለት አሉ። አይሱዙው ነገ ጠዋት ይጭናቸዋል።

መምህሩ፦ ነገ ጠዋት? እንግዲያው ተነሳ፣ አምፖሉን አብራ። አንተ ብረቱን አውጣ፣ እኔ እጽፋለሁ።